ቁልቁል የወረደው ፈሰስ

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ያለችውን ተዳፋት ጓሮዬን ለአትክልት ላዘጋጅ ገመድ ስወጥር፣ ድንጋይ የሚክብልኝ ሰውዬ «ፈሰሱን በየት ላውጣው?» ሲል ጠየቀኝ። ፈሰስ የምንለው የክረምቱን ጎርፍ የሚያወጣውን ቦይ ነው። ገመዱን እንደያዝኩ የቢቸናው የእናቴ ጓሮ፣ የፍጉና የእርጥቡ አፈር ሽታ ሳይቀር መጣብኝ።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። አባቴ ሲሞት እናቴ የሞጣ ልጅ፣ ቢቸና ላይ ወገን የሌላት ሴት ነበረች። መተዳደሪያ ስትለምን የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሌ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ገደል አሳያትና «ይችን ዝንጀሮም አይቆምባት፤ ያውልሽ!» ብሎ ሳቀ። አንቱ የምለው ፊቱ ላይ ብቻ ነበር።

እናቴ በጋውን ሁሉ ድንጋይ ተሸከመች። መሬቱን በእንጨት አግድም እየጫረች «እዚህ ጎመን፣ ከበላዩ ነጭ ሽንኩርት፣ ከታች ጌሾ» ትለኝ ነበር። ካቡን ደረጃ በደረጃ ሠራችው። ፈሰሱን ውሃው አፈር ሳይዝ ቀስ ብሎ እንዲወርድ በሰያፍ አወጣችው። እኔ በተረፈው ጠጠር ቅልሞሽ እጫወታለሁ፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ «የገደል ገበሬ!» እያሉ ይሰድቡናል።

ሽንኩርቱ ሲያምር አያ ደምሌ ሽማግሌ ይዞ መጣ። እናቴ ከዚያው ጓሮ ጎመን ቀቅላ አበላቻቸው። በልተው ሲያበቁ ፈረዱባት፤ መሬቱ የአባቴ ርስት ነው፣ ወራሿም እኔ ነኝ፣ እኔንም ርስቴንም የሚጠብቀው አጎቴ ነው፣ እሷ ወደ አገሯ ትመለስ።

«ልጄን ትቼ የት ልሂድ?» አለች እናቴ።

«እንግዲያ ልጂቱን ውሰጃት፣ ጓሮውን ተይው» አለ አያ ደምሌ። ከመጀመሪያውም የፈለገው ይህንኑ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ጣቱን እየጠረገ «ጎመንሽስ ግሩም ነው» አላት። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ አልማርኩትም።

እናቴ አላለቀሰችም። ክረምቱ ሊገባ ሲል «አያ ደምሌ፣ ፈሰሱን ጠርጌልዎት ልሂድ» አለችው። «አይ ሙሉ፣ ደግ ሰው ነሽ» ብሎ መረቃት እንጂ ወርዶ አላየም። ያን ገደል ንቆት በእግሩ ረግጦት አያውቅም። እሷ አሮጌውን ፈሰስ ደፈነችና አዲስ ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጋ ቆፈረች። እያንዳንዱን ካብ መሀል ለመሀል በዶማ በጣጠሰችው፤ በላዩም የጌሾ ቅጠል አለበሰችው። በማግስቱ እጄን ይዛ የሞጣን መንገድ ጀመረች።

ነሐሴ ላይ ከቢቸና የመጣ ነጋዴ ጓሮው ከነካቡ ተጠርጎ መውረዱን ነገራት። «እንዲያ ነው?» ብላ የያዘችውን ሽንኩርት መላጧን ቀጠለች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ያን ቀን ትንሽ አስፈራኝ።

ብዙም ሳይቆይ የመሬት አዋጁ መጣና ርስት የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። አምና ቢቸና ሄጄ አየሁት፤ ጓሯችን የነበረው ዛሬ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ነው፤ የአያ ደምሌ የልጅ ልጆች በእንጨት ተሻግረው ነው ቤታቸው የሚገቡት። እዚያ ላይ ቆሜ እናቴ የገደለችው የእኔን ርስት እንደነበር ትዝ አለኝ። ሆኖም አላዘንኩም፤ ያን ርስት ይዤ አጎቴ ዘንድ ብቀር ኖሮ እሷን ነበር የማጣው።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው፤ መሬቴን ማንም እንደማይነካብኝ ይነግሩኛል። ሰውዬውን «በሰያፍ አውጣው» አልኩት። ያንኑ የእናቴን ዶማ ግን ስዬ ወደ ቤት አስገባሁት።