ጋሽ ጠዓመ አንደኛ ነበሩ

ጉዲና ቀን ኤርፖርት ያጸዳል፤ ማታ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ይማራል። ያልገባውን መጠየቅ ሞት ነው ለሱ። አስተማሪው "ገባችሁ?" ሲል ከሁሉ ቀድሞ በጀርመንኛ "አሌስ ክላር"፣ ሁሉም ግልጽ ነው፣ ይላል። ሰው ይሉኝታ ይለዋል፤ ኩራት ነው እንጂ።

የጉዲና ጸሎት ቤት ምእመናን ግሪስሃይም ሰፈር በተከራዩት አዳራሽ እሁድ እሁድ የጸሎት ወረፋ አለ። ቀድሞ የተመዘገበ ቀድሞ ይጸለይለታል፤ የሕንፃው ጠባቂ ሀውስማይስተሩ በሰዓቱ ስለሚዘጋ ያልደረሰው ለሳምንት ይቀራል። ጉዲና ወረፋውን በስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራ፤ ተጨበጨበለትም።

አንድ እሁድ ጋሽ ጠዓመ ከሚኖሩበት ከጻይልስሃይም በማለዳ አውቶቡስ መጥተው አንደኛ ተመዘገቡ። በማግስቱ ለልብ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ሊገቡ ነው። ጉዲና ደግሞ ስም ከስክሪኑ የሚፈልጉትን አስተናጋጆች ላግዝ ብሎ ስሞቹን በፊደል ተራ ደረደረ፤ የወረፋው ዝርዝር እንዳለ የሚቆይ መስሎት። ጠ የፊደል ጭራ ላይ ናትና ጋሽ ጠዓመ መጨረሻ ወረዱ። ወደ ላይ የወጡትማ ምን ቸገራቸው፣ ዝም አሉ።

"ልጄ፣ አንደኛ እኔ አልነበርኩም?" አሉት ቀስ ብለው።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም። ረስተውት ይሆናል።"

ሰው እየሰማ! ሽማግሌ እንዲህ ይባላል?

"ይሆናል" ብለው ተቀመጡ። ወረፋቸው ሳይደርስ አዳራሹ ተዘጋ።

ጉዲና ቤቱ ገብቶ ሥራውን ሲፈትሽ ነገሩ ተገለጠለት። በሚማረው የኮምፒውተር ቋንቋ ጽሑፍና ዝርዝር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ጽሑፍን ተቀየር ሲሉት የቀድሞውን ሳይነካ ሌላ አዲስ ይሰጣል። ዝርዝርን ተደርደር ሲሉት ግን እዚያው ራሱን ገለባብጦ ቁጭ ይላል፤ የቀድሞው ተራ የለም። አስተማሪው ይህን ተናግሮ ነበር። ጉዲናም "አሌስ ክላር" ብሎ ነበር። አሁን ብቻውን ተቀምጦ ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

ጠዋት ጻይልስሃይም ሄደ። ጋሽ ጠዓመ ሻንጣቸውን ይዘው ደጅ ላይ ልጃቸውን ትምኒትን ይጠብቃሉ።

"ጋሼ፣ አንደኛው እርስዎ ነበሩ" አላቸው። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ሻንጣቸውን መሬት አስቀመጡ።

"እኔ እኮ አእምሮዬ ከዳኝ ብዬ ነው ትናንት ቤት የገባሁት" አሉ። "ለትምኒትም፣ ልቤ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላቴም እየሄደ ነው አልኳት። ስታለቅስ አደረች።"

ጉዲና መሬት መሬቱን አየ። ትምኒት መኪናዋን አቁማ ወረደች፤ ዓይኗ አብጧል። ለእሷም መንገር ነበረበት።