ቅቤውን የቀመሱልን ጎረቤት

ሁዳዴ ለቅቤ ነጋዴ መዓት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ገዢ የለም፤ ቅቤው ግን ከጎጃም መምጣቱን አያቆምም። በጃንሆይ ዘመን እኔና ባለቤቴ ጎጃም በረንዳ አንዲት መጋዘን ነበረችን። የጾሙን ቅቤ እዚያ እናከማችና የፋሲካ ዋዜማ ስንከፍተው ግማሹ ሸትቶ ይጠብቀናል። የሸተተ ቅቤ ደግሞ ለበዓል ማን ይገዛል?

አንድ ዓመት ባለቤቴ ብልሃት አገኘሁ አለ። በአገሩ ሴቶች የመናጫውን ቅል የሚያሹበት ቅጠል አለ፤ ለሆድ ቁርጠትም ይጠጡታል። ያንን ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ እንደ ማር እስኪወፍር አንተክትኮ ከአንድ ማሰሮ ቅቤ ጋር ለወሰው። ሌላውን ማሰሮ እንዲሁ ተወው። ሁለቱንም ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ሙቀቱ ከሚበረታበት ቦታ አስቀመጣቸው። በሦስተኛው ሳምንት ስንከፍታቸው ቅጠል ያልገባበት አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ የገባበት ትናንት የተናጠ ይመስላል። ባለቤቴ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

"ቆይ እንጂ!" አልኩት። "ቅል ማሸት ሌላ፣ ጭማቂውን ለሰው ማብላት ሌላ። ኮሶም እኮ መድኃኒት ነው፤ ሲበዛ ስንቱን ደፍቷል! የሰው ነፍስ አጥፍተን ምን ልንሆን ነው?"

"እንቅመሰዋ" አለና ወዲያው አፉን ያዘ። ጾም ነው። ከቤታችን ቅቤ ወደ አፉ የሚያደርስ ማን አለ?

ጭቅጭቃችንን ከአጠገባችን ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሙስሊም ጎረቤታችን ሰሙን። ከእኔ በዕድሜ ስለሚበልጡ ጋሼ ነው የምላቸው። "ለዚህ ነው እንዴ የምትጣሉት? እኔ የእናንተ ጾም የለብኝ። አምጡ፣ እቀምስላችኋለሁ!" አሉና ሳቁ። ባለቤቴም ቅጠል ከገባበት ላይ ቀንሶ አንዲት ማሰሮ ሙሉ ሰጣቸው። ጠዋት ጠዋት በቂጣ ሊበሉት ተስማማን፤ ለአንድ ሳምንት። ማሰሮውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም። "እንዴት አደሩ ጋሼ?" ስላቸው ሰላምታ አይደለም፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ እንደሆነ፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ነው የማየው። "አልሐምዱሊላህ! እንዲያውም ወፈርኩ" ይሉኛል። በስድስተኛው ቀን ሱቃቸው ተዘግቶ ዋለ።

ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ ሮጥኩ። መሳለሚያ ካለው ቤታቸው ስደርስ ፍራሽ ላይ ተጠቅልለው ይንዘፈዘፋሉ፤ ያስመልሳቸዋል። ከጤና ጣቢያ ድሬሰር ተጠርቶ አጠገባቸው ተንበርክኳል። "ምን በልተው ነው?" ሲል ጠየቃቸው።

ጋሼ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ቂጣ በሻይ" አሉ። "ሌላ ምን ይበላል ብለህ ነው?"

እኛን እንዳያስይዙን ነው። እኔስ? አፈር ልብላና፣ ዝም አልኩ።

መጋዘን ተመልሼ በሩን ዘጋሁና ከተረፈው ቅቤ በጣቴ ዛቅሁ። መርዝ ከሆነ በእኔም ይታያል ብዬ ነው። እስከ ከንፈሬ አድርሼ መለስኩት። ያስቆመኝ ጾሙ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ። ውሸት ነው፤ የፈራሁት ሞትን ነው። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር የተቀበሉን።

በማግስቱ የመጣው ይምጣ ብዬ ለባለቤታቸው ልናገር ሄድኩ። "እትዬ፣ ጋሼን ያሳመምናቸው እኛ ሳንሆን አንቀርም። ያ የሰጠናቸው ቅቤ..." ብዬ ሳልጨርስ ዓይኔ ጥግ ላይ ቀረ። የመጨረሻዋ ልጃቸው፣ ጡት ከጣለች ገና ወር ያልሞላት፣ ማሰሯችንን ታቅፋ ከሥሩ በጣቷ እየጠረገች ትልሳለች። ዘልዬ ነጠቅኋት። ቤቱን በልቅሶ አናጋችው።

"ምን ነካሽ አንቺ?" አሉ እትዬ። "ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ሁላችንም ስንበላው የከረምነውን! ልጆቹ እያዩት ብቻውን የሚበላ ሰው መሰለሽ?"

አምስት ልጆች። ከእናታቸው ጋር ስድስት። አራቱ ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ፣ አምስተኛዋ ማሰሮዬን አምጪ ትለኛለች፤ አንዳቸውንም ራሳቸውን እንኳ አላመማቸውም። የጋሼ በሽታ ከቅቤው እንዳልመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ግን ማሰሮውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብቻውን የሚበላ ሰው ነውረኛ በሚባልበት አገር አድጌ፣ ይህ እንዴት አንድ ቀን እንኳ ሳይመጣልኝ ቀረ?

ድሬሰሩ ወባ ነው አለ፤ ጋሼ በቅርቡ ለንግድ አዋሽ ወርደው ነበር። ኪኒኑን ውጠው ተሻላቸው፤ ለፋሲካ ሰሞንም ሱቃቸውን ከፈቱ። ባለቤቴ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ።

"አየሽ? በአንድ ሰው እንፈትነው ብለን በሰባት ሰው ተፈተነ!"

"ጋሼንስ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል" አልኩት። "ስድስቱን ማን ጠየቃቸው?"

ማሰሮ ሲደረድር የነበረ እጁ ቆመ።