የብር ድምፅ

ልጅ እያለሁ ከመሬት የወጣ ነገር ሁሉ በድንጋይ ይሞከር ነበር። ይህን ያስታወሰኝ ታናሽ ወንድሜ ግርማ የገዛው ብረት መፈለጊያ ማሽን ነው። ሪታየር ካደረገ ወዲህ፣ እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቱ ጓሮ የጥንት ሳንቲም ሲፈልግ ይውላል። ባለፈው ቅዳሜ እኔ እስካለሁበት እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥቶ ወሰደኝና እኔንም ሊያስተምረኝ ተነሣ። ማሽኑን ወደ ሣሩ አስጠግቼ በዝግታ ወዲያና ወዲህ እንዳወዛውዘው አሳየኝ። ቀጭን ድምፅ ካሰማ ብር ነው፣ ካጉረመረመ ተራ ብረት ነው አለኝ። የተቆፈረው እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ልቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

ካደግንበት ከተማ በላይ ጣሊያን የሰፈረበት ጉብታ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፉ የሸረሸረው ቁልቁለት ሳንቲም ይተፋል፤ ዕድለኛ የሆነ ማርትሬዛ ብር ያገኛል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተራችንን እንደያዝን ወደዚያ እንሮጣለን። ትልልቆቹ ጉብታውን አይወዱትም ነበር። “የወታደር ዕቃ ባለቤቱ ቢሄድም አይተኛም” ይሉናል፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አያብራሩልንም።

መሪያችን የአክስታችን ልጅ አሰገደች ነበረች። የገበያ ነጋዴዎች ማርትሬዛን ድንጋይ ላይ ጥለው እውነተኛውን ከሐሰተኛው በድምፁ ሲለዩ አይታ ለእኛም አስተማረችን። ጭቃ የለበሰ ነገር ስናገኝ ድንጋይ ላይ አንኳኩተን እናዳምጣለን። እሷን የሚያህል ጆሮ ያለው አልነበረም። የተሳሳተውን “አንተ እንኳን ብር፣ የቤተ ክርስቲያን ደወልም አትለይም” እያለች ታሾፍበታለች።

አንድ ቀን ከበድ ያለ፣ ጭቃ የጠገበ ድቡልቡል ነገር አገኘች። ብር የታሸገበት ዕቃ መሰላት። ግርማ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ አርፎ አይቆምም፣ ይለፈልፋል።

“ይህን ለፍላፊ ያዢውና ከዛፉ ወዲያ ሂዱልኝ፤ የዚህን ዕቃ ድምፅ ላዳምጥ” አለችኝ።

እጁን ይዤ ሄድኩ። ከዛፉ ጀርባ ሆነን የሰማነውን አልጽፈውም።

ለግርማ አሰገደች በንዳድ ሞተች ተብሎ ተነገረው፤ ትንሽ ስለነበረም የሰማውን ረስቶ አመነ። እናታችን እንዲህ ይሁን ስላለች በቤታችን ሌላ ነገር የተናገረ አልነበረም።

ቅዳሜ ዕለት ማሽኑ አጉረመረመ። ተራ ብረት ነው ብለን እንዳናልፈው ጩኸቱ በዛ፤ ግርማም ቆፈረ። ዝገት የበላው ድቡልቡል ነገር ወጣ። ሰፈሩ ድሮ በዚህ አገር ሰዎች የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደር የሰፈረበት መሆኑን ጠዋት ራሱ በኩራት ነግሮኝ ነበር። ዕቃውን ይዞ ወደ ድንጋዩ ደረጃ ሄደ፣ ክንዱንም አነሣ። በልጅነቱ ድንጋይ ላይ ስናንኳኳ ሲያየን የኖረውን እሱ ረስቶታል፤ እጁ ግን አልረሳም።

“ግርማ፣ እንዳታንኳኳው።”

“እትዬ፣ ምን ነካሽ? ዝገቱን ላራግፍለት ነው እኮ።”

“ቀስ ብለህ ሣሩ ላይ አስቀምጠው። አሰገደች በንዳድ አልሞተችም።”

ፊቴን አየ፤ ከዚያም እንዳልኩት አደረገ። መንገድ ላይ ወጥተን ለፖሊስ ኮል አደረገ። እስኪመጡ ድረስ የቀረውን ነገርኩት። እኛስ እንዴት ተረፍን ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

“ስለምትለፈልፍ” አልኩት።

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

ፖሊሶቹ ጎረቤቱን ሁሉ ከየቤቱ አስወጡ። ወፍራም ልብስ የለበሱ ቦምብ አምካኞች ዕቃውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው አሸዋ በሞላው ሣጥን ውስጥ አስተኙትና ወሰዱት። ማንም አልተጎዳም። እዚህ ሰው የመጣው ድምፁ ሳይሰማ ነው፤ ያኔ ወደ ጉብታው የተሮጠው ከተሰማ በኋላ ነበር። በዚያ ቁልቁለት ዛሬም ክረምት በወጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ይሸረሽራል፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት ይለቀቃሉ።