ዘይት የምትመርጠው ሴት

ሴትየዋ የሞተር ዘይት ጣሳውን የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ስታሳርፈው ከኋላዋ ተራ የምንጠብቀው ሰዎች ሁላችንም ደነገጥን። ነጭ ሸሚዟ በደንብ ተተኩሷል፤ የቀኝ እጅጌው ግን እስከ ክርኗ ድረስ ግሪስ ጠጥቷል።

«ይሄን ሲንተቲክ የሚባል ዘይት አልፈልግም አልኩህ እኮ!»

«እትዬ፣ በዘይት ከዚህ የሚበልጥ የለም» አለ ሻጩ። «እንዲያውም ባለቤትዎን ይላኩልኝና ለእሳቸው ላስረዳቸው።»

ዓይኗ ደም ለበሰ።

«የሚላክ ባል ቢኖረኝ አንተ ፊት ምን ገተረኝ? መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ሞተሯ ወርዶ ገና መገጠሙ ነው። ይሄ ዘይትህ ከመጠን በላይ ያሟልጫል፤ የፒስተን ቀለበቶቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተፋትገው ሳይላመዱ ይቀራሉ። ተራውን ዘይት አምጣ!»

ሻጩ እያጉረመረመ ተራውን አወረደላት። እሷም ክንዷን ዘርግታ፣ ዓይኗን አጥብባ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ከዚች ቆርቆሮ ሥር ተጋድሞ ኖረ» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ከእኔ ጋር ያላወራውን ሁሉ ከእሷ ጋር ሲያወራ፣ እኔ ባትሪ ይዤ ሳበራለት። ገጥሞ ሲጨርስ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳያስነሳት ወድቆ ቀረ!»

ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን እንዴት ናቸው?» አላት።

«እንዴት ይሆናል? አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ መኪናዋም እዚያው ደጅ ቆማለች። አይንቀሳቀስ፣ አይናገር» አለችና ጣሳውን ብብቷ ሥር ወሸቀችው።

«ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው። ዘይቱን ከተሳሳትኩ በሞተሯ ድምፅ ያውቅብኛል።»