ኪቡሊ ላይ ያስቸገረን ሚኒሞ

ትናንት እዚህ ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ በቆምንበት፣ የታክሲያችን ሾፌር እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ስልኩን ሲነካካ፣ ዝቅ ብሎ መዞር የሚገባው ሞተር በገዛ ራሱ መጮህ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በቤንዚኑ ሽታ ተማርራ አፍንጫዋን ያዘች፤ እኔ ግን አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ደስ ብሎኝ ሳዳምጥ ጤነኛ እንደማልመስል አውቀዋለሁ። ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ልክ፣ ከፍ ብሏል። እንዲህ ቆሞ የሚጮህ ሞተር በሰማሁ ቁጥር በሐሳብ የምሄደው ወደ ኪቡሊ፣ ያኔ ወደምኖርበት ሰፈር፣ በኮሮና ምክንያት መንገድ ለሁለተኛ ጊዜ ወደተዘጋበት ወደዚያ ሰሞን ነው።

ያኔ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ ካምፐር ቫን ነበረችኝ። ቱሪስት ላመላልስባት ያለችኝን ጥሪት አፍስሼ ገዝቻት፣ ገና ሳልጠግባት ቱሪስቱም ወደ አገሩ፣ እኔም ወደ ግቢዬ ገባን። የግል መኪና መንዳት ክልክል ሆነ፤ ቦዳዎቹ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌቶቹ እንኳ፣ ሰው መጫን ተከልክለው ማቶኬ፣ ያንን የሚቀቀል አረንጓዴ ሙዝ፣ ብቻ ጭነው ያልፋሉ። ባትሪዋ እንዳይሞት በየጠዋቱ ሳስነሳት ታዲያ አንድ ቀን አደብ ገዝታ ዝቅ ብላ ትዞራለች፤ በማግስቱ ታብዳለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል።

ጋሽ ተኽለን ያመጣልኝ ያ ጩኸት ነው። የአሥመራ ልጅ ናቸው፤ አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን አውቶቡስ ነድተዋል፤ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ እዚያው እኔ ባለሁበት ግቢ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ያን ጠዋት ማስካቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዳመጡና «አየር እየሳበች ነው፣ ወደይ» አሉኝ። ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ልጄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቶ ነበርና ክዳኑን ከፍቼ ቦታ ለቀቅሁላቸው።

በቃ፣ ሥራ አገኘን። የነዳጁ ካቮ፣ ከፔዳሉ የሚመጣው የብረት ገመድ፣ ይዞ እንደሆነ ብለን ዘይት አጠጣነው። ቱቦዎቹ ላይ ውሃ እያርከፈከፍን ድምጿ ይለወጥ እንደሆነ ጆሯችንን ቀሰርን። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትተን በቤንዚንና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብነው፤ ሚኒሞውን የሚያስተካክለው ቪቴ፣ በካቻቪቴ የሚዞረው ትንሽ ብሎን፣ በንዝረት እየላላ ይሆናል ብለንም ስፕሪንጉን ቀየርንለት። ምንም ለውጥ የለም፤ ነገ ወይ ልክ ናት ወይ አብዳለች።

እውነቱን ለመናገር ስለ ሌላ ነገር ማውራት አንችልም ነበር። አገር ቤት ጦርነት ነው፤ እሳቸው የሚሰሙት ወሬና እኔ የምሰማው አይገናኝም፤ አንዲት ቃል ብታመልጠን የምንቀያየም ይመስለን ነበር። በሚኒሞ ግን ማን ይቀያየማል? ሞተሯ እስክትሞቅ አንድ ሮሌክስ፣ ያንን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ለሁለት ቆርሰን እንጫወታለን። እሳቸው በልጅነታቸው አሥመራ የጣሊያን ጋራዥ በር ላይ ቆመው መኪናን በድምፅ ይለዩ እንደነበር ያወሩኛል፤ እኔም ናዝሬት አባቴ የጭነት መኪናውን ደጃፍ ላይ ሲያሞቅ ከአልጋዬ ሆኜ እየሰማሁ፣ ድምፁ ሲለወጥ መሄዱን አውቄ ብርድ ልብሴ ውስጥ አለቅስ እንደነበር ነገርኳቸው። ያንን ለሰው ነግሬ አላውቅም ነበር። ብቸኝነቴ የሚቀለኝ በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ግቢያችን ውስጥ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ ስለነበረች፣ ቫኗ በጮኸች ቁጥር እያፈርኩ ቪቴውን ከጋሽ ተኽለ ተደብቄ ትንሽ ዝቅ አደርገው ነበር፤ ትልቅ ሰው ልክ ነው ያሉትን በፊታቸው እንዳልነካካ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ሞተሯ ወዳለበት ወደ ቫኗ ኋላ ስደርስ ጋሽ ተኽለ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ጎንበስ ብለዋል። በእጃቸው ካቻቪቴ ይዘዋል፤ እኔም ካቻቪቴ ይዣለሁ። ለካ እሳቸውም የጠዋቱ ብርድ ሞተሩን እንዳያጠፋብኝ፣ አሥመራና አዲስ አበባ እንደለመዱት፣ በስውር ከፍ ያደርጉልኝ ኖሯል፤ ካምፓላ ምን ብርድ አለና! ያልነገሩኝም የሰው ንብረት የደፈሩ መስሏቸው ነበር። የመጀመሪያው ሕመሟ ካርቡራተሩን ስናጥብ ድኖ ሳለ፣ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲያወጡ እኔ ሳወርድ፣ ምስኪኗን ካርቡራተር ስናማ ከረምን።

ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አብረን ልክ አደረግነው። ክዳኑን ዘጉና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«እንግዲህ ከአሁን በኋላ ምን ብዬ ልመጣ ነው?» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በማግስቱ አልመጡም። ቫኗ ልክ ሆና ተነሳች፤ እኔም በመስኮታቸው በኩል መጋረጃው ሲንቀሳቀስ እያየሁ፣ ምን ብዬ ላንኳኳ እያልኩ ሞተሩን አጥፍቼ ገባሁ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ። መንገድ ሲከፈት ሥራ አገኘሁና ወጣሁ፤ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ የማላውቃት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ሽማግሌው ናይሮቢ ዘመድ ጋ ሄዱ አለችኝ። ቫኗንም ቆይቼ ሸጥኳት።

ዝም ብለው ይምጡ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ዛሬ የማወራው ሰው ሞልቷል፤ ስለ ሥራ፣ እዚህ ሰንቴ ስለሚሉት ገንዘብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። የልጅነቴን ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ሰበቡም አልተገኘም።