የአደር ሮብሌ ሰላምታ

ጅግጅጋ ውስጥ አደር ሮብሌን ሰላም ሊል የቆመ ሰው ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ጤናውን ይጠይቁታል፣ ልጆቹን ይጠይቁታል፣ ግመል ባይኖረውም ግመሎቹን ይጠይቁታል፤ መጨረሻ ላይ ዝናቡን። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። እኔም፣ ከቤታቸው ጎን የመኪና መለዋወጫ የምሸጠው፣ እንደ ሰፈሩ ሰው አደር እላቸዋለሁ።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፈቃድ አውጥተው በአማተር ሬዲዮ ከዓለም ሰው ጋር ያወራሉ። የሚያሳድዱት በዓመታት አንዴ ብቻ የሚሰማ ብርቅ ጣቢያ ነው። ጥቂት ሰዎች ማንም ወደማይኖርበት ደሴት ድንኳንና ሬዲዮ ይዘው ይሄዳሉ፤ ያናገሩትን ሰው በመዝገባቸው ይጽፋሉና፣ ለመመዝገብ ሺህ ሰው በአንዴ ይጮህባቸዋል። ተራ የለ፣ ይሉኝታ የለ፤ የባቢሌ ሚኒባስ ግፊያ በስንት ጣዕሙ! ሥርዓት አስከብራለሁ የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

አደር አይጋፉም። ያዳምጣሉ፤ ጫጫታው ረገብ ሲል በፈቃዳቸው ላይ የተሰጣቸውን የሬዲዮ መጠሪያ አንድ ጊዜ ይላሉ። አምና በዚህ ዘዴ አንድ ደሴት መለሰላቸው። ደንቡ አጭር ነው፦ መጠሪያ፣ "ድምፅህ ደርሶኛል"፣ አለቀ። እሳቸው ግን "እንደምን ከረማችሁ" ብለው ጀመሩ። ሬዲዮ ላይ የሚጋፋው ሕዝብ ጮኸባቸው፣ ደሴቱም ሌላ ሰው ጠራ። ሳይመዘገቡ ቀሩ፤ ለሳምንት ምግብ አልበላ አላቸው።

ዘንድሮ በደቡብ ባሕር መጨረሻ፣ ብርዳም ደሴት ላይ ሌላ ድንኳን ተተከለ። እንዲህ ያለው ጉዞ ቶሎ አይደገምም፤ አደር ደግሞ ሰባ አልፏቸዋል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ሆዶ አጠገባቸው ቆሙ።

"ሮብሌ፣ ዛሬ ሰላምታ የለም። ማልልኝ።"

"ወላሂ፣ የለም።"

"ደሴቱ ላይ ያለው ሰው የጅግጅጋ ሰው አይደለም፤ አይቀየምዎትም" አልኩ እኔም።

ብዙ አዳመጡ። ከዚያ ጠሩ። ከደሴቱ አንድ ደከም ያለ ድምፅ መጠሪያቸውን ደገመላቸው። አደር ማይኩን ጨበጡ።

"እንዴት ነህ?" አሉ በእንግሊዝኛ። "ጤናህስ? ቤተሰብህስ? ብርዱ እንዴት አደረገህ? ዝናብ አለ?"

ሬዲዮው በፉጨትና በስድብ ተሞላ። ሆዶም በሶማሊኛ የማልተረጉመውን ነገር አሉ።

ያ ደካማ ድምፅ ግን ተመልሶ መጣ። "ሁላችሁም ዝም በሉ። የኢትዮጵያው ብቻ።" ሁለቴ አለው፤ የሚገርመው፣ ዝም አሉ።

"ደህና ነኝ" አለ ሰውየው። "ዝናቡ አላቆመም፤ ልብሳችን ሁሉ ረጥቧል። እዚህ ከመጣሁ ስንት ሺህ ሰው ጠርቶኛል፤ ደህና ነህ ወይ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።" ቀጠለና፣ "እናንተ ጋስ ዘነበ?"

አደር በመስኮቱ አቧራውን አዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ገና ነው" አሉ። "ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።"

"መዝግቤሃለሁ፣ ወዳጄ።"

ሆዶ ትከሻቸውን መታ አደረጓቸውና ሳቁ። ቀጥሎ የተጠራው አንድ ጣሊያናዊ ነበር። መጠሪያውን በችኮላ ተናገረና ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደህና... ደህና ነህ?" አለ።