ግራ እጄና ክራሩ

ጠዋት ነው። ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ካለችው የስፌት ቤቴ ተቀምጬ የሱሪ እግር እያጠፍሁ ነበር። ጨርቁ ከግራ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለቤቴን ሰዓዳን ልጠራት አፌን ስከፍት ቃሉ ተንሻፎ ወጣ።

ሰዓዳ ከጓሮ መጣች። «አንተ፣ አፍህ ምን ሆኗል?» አለች። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ሁሉም ሐኪም ሆነ። «ምች ነው» አሉ። ዳማ ከሴ ተጨምቆ አጠጡኝ፤ ግማሹ በአፌ ዳር ፈሰሰ። ፊቴን በቅጠሉ አሹኝ። እንዲያልበኝ ጋቢ ደራርበው አስተኙኝ። አላበኝ። እጄ አልተንቀሳቀሰም። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲደርስ እግሬም ከዳኝ። ባጃጅ የተጠራው ያን ጊዜ ነው።

ደሴ ወሰዱኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ድምጿ አይቸኩልም።

«ስትሮክ ነው። ወደ ጭንቅላትዎ ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቷል። የደም ግፊት እንዳለብዎ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ጠዋት።»

ሰዓቷን አየች። መዘግየታችን ገባኝ።

እዚህ ላይ ተናግሬ ልለፍ። አፍ ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ምች ይሁን አይሁን የሚለየው ሐኪም ነው። ዳማ ከሴው ለጉንፋን ይቆያችሁ። ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም። በፍቅር ሊቀብሩኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ቤት ስመለስ እግሬ በምርኩዝ ይሄድ ጀመር። አፌም ቀስ በቀስ ተቃና። ግራ እጄ ግን ተጨብጦ ቀረ። ስፌት የማያውቅ ሰው ሥራው የቀኝ እጅ ይመስለዋል። መርፌው ሥር ጨርቁን የሚመራው ግራው ነው። ግራው ካልተመለሰ መኪናዬ የአቧራ ማረፊያ ነው፤ እኔ ደግሞ ከስፌት ሌላ ሙያ የለኝም። ጠያቂው እየመጣ «አላህ ያሽርህ» ይላል፣ ዓይኑ ግን እጄ ላይ ነው። ደህና ነኝ ማለት ሰለቸኝና በር ማዘጋት ጀመርሁ።

ለክትትል ደሴ ስሄድ እጄን የሚያሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋና ለቀቃቸው። ተመልሰው ተጨበጡ።

«ችግርዎ መጨበጥ አይደለም፣ መዘርጋት ነው። ጣትዎን አንድ በአንድ የሚያነሱበት፣ የማይሰለችዎ ነገር ይፈልጉ» አለኝ።

ጠረጴዛ ላይ ጣት ማንሳት ሞከርሁ። እንደሱ ያለ አሰልቺ ነገር አላየሁም። ተውሁት።

በዚያው ሰሞን ትርንጎ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ትርንጎ ሰርግ ላይ ክራር እየመታች የምታዜም የሰፈራችን ሴት ናት። የቀሚሱ እጅጌ ገና አልተሰፋም፤ ከታመምሁ ጀምሮ እንደተቆረጠ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ያለኝን ስነግራት ሳቀች።

«ጋሼ ይመር፣ ክራር የሚፈልገው ይህንኑ አይደል?»

አስረዳችኝ። ቀኝ እጅ በቁራጭ ቆዳ ክሮቹን በሙሉ ይገርፋል። የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ክሮቹ ላይ ተኝተው ድምፃቸውን ያፍናሉ። ጣት ከክሩ ላይ ሲነሳ ያ ክር ብቻ ይጮኻል። ዜማው የሚወጣው ከሚነሳው ጣት ነው ማለት ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት አርባን ካለፍሁ በኋላ ነው። ያኔ የሳቁብኝ ሰዎች ዛሬም በጤና አሉ። «ለነሱ ሌላ መሳቂያ ላዘጋጅላቸው?» አልኋት።

ሰዓዳ ከጓዳ ሰማች። «ተማር ተማር። ከመነጫነጭህ ይሻላል፣ ቢያንስ ጩኸቱ ይለያል» አለች።

ክራር ገዝቼ ተማርሁ። ግን በጥጋብ ጀመርሁ። ትርንጎ «ቀለል ባለ ቅኝት፣ በትዝታ እንጀምር» ስትል እምቢ አልሁ። የተወለድሁት አምባሰል ነው። ቅኝቱ በአገሬ ስም ይጠራል፣ እኔ በሌላ ልጀምር?

«አምባሰል መወለድ ጣት አያነሳም» አለችኝ።

«አንቺ ቃኚልኝ ብቻ።»

ቃኘችልኝ። ዜማው ጆሮዬ ውስጥ ሙሉ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በሰርጉም በደቦውም ስሰማው ኖሬያለሁ። ከእጄ የወጣው ግን የቆርቆሮ ድምፅ ነው። በጉልምስና የሚማር ሰው መከራው ይኸው ነው። ጆሮው አዋቂ ነው፣ እጁ ጨቅላ ነው። ጆሮው እጁን ይንቀዋል። እኔም ናቅሁት። አንድ ቀን ክራሩን ቁም ሳጥን ኋላ ወረወርሁት። ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

ደሴ ስመለስ ፊዚዮቴራፒስቱ እጄን ይዞ አገላበጠው።

«ወደ ኋላ ሄዷል። ለምን ተዉት?»

«አላምር አለኝ።»

«ያምር ያልሁዎት መቼ ነው? ይነሳ ነው ያልሁት።»

አፈርሁ። ተናደድሁም። ወደ ሐይቅ የሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ያለው ነገር እውነት እንደሆነ አወቅሁ። ጣቴ ሳይነሳ ዜማ እመኝ ነበር። ዜማውን ስመኝ ደግሞ ጣቱንም ላጣው ነው።

ክራሩን አወጣሁት። ትርንጎ ምንም አልወቀሰችኝም፤ ዘፈን ብቻ ከለከለችኝ። አንድ ጣት፣ አንድ ክር። ጠዋት ስፌት ቤቱን ከፍቼ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ሌባ ጣቴን አነሳለሁ፣ አስተኛለሁ። መናደድ ስጀምር አቆማለሁ፤ በንዴት የተሠራ ነገር እጅን ያደርቃል እንጂ አይፈታም። ቤት ውስጥ ሲሰለቸኝ ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ፣ የእስጢፋኖስን ገዳም ፊት ለፊት እያየሁ ያችኑ አንድ ክር እመታለሁ፣ ጀልባ የሚያስሩት አሥጋሪዎች ደግሞ «አያ ይመር፣ ዓሣውን አባረርህብን» ይሉኛል፣ እኔም «መረባችሁ ነው የተቀደደው፣ አምጡት ልስፋላችሁ» እላቸዋለሁ። ስድቡ እንኳን ይጥመኝ ጀመር። ትርንጎ ስትመጣ ታዳምጥና «ዛሬ ድመቷ አልሸሸችም፣ ተሻሽለዋል» ትለኛለች። ሙገሳዋ ይህ ነው። ሌላ አልጠብቅም።

ሌባ ጣቴ ሲታዘዝ መሐል ጣቴ ተከተለ፣ እየዋለ እያደረ አውራ ጣቴም ትንሿም መጡ፣ ከዚያ ትዝታ ተፈቀደልኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደግሞ አምባሰል። ቀለበት ጣቴ እስከ ዛሬ ዘግይቶ ይነሳል። ትርንጎ «ይህም የራሱ ለዛ አለው» ስትል አልተቀበልኋትም። ለዛ አይደለም፣ ጉድለት ነው። ገና እሠራበታለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ባለፈው የትርንጎን ቀሚስ አወጣሁት። እጅጌውን መርፌው ሥር አስገብቼ መኪናውን ረገጥሁ። ከታመምሁ ጀምሮ ግራ እጄን እንደ ሌባ ስጠብቀው ነው የኖርሁ፤ አሁን ምን ይጥላል፣ አሁን የት ይከዳኛል እያልሁ። ያን ቀን የብብቱን መዞሪያ እያሰብሁ ሰፋሁ። ጨርሼ ክሩን ስቆርጥ ነው እጄን አንድ ጊዜም እንዳላየሁት ያወቅሁት። ስፌቱ አንድ ቦታ ጠመም ብሏል። ፈትቼ ደግሜ ሰፋሁት። ትርንጎ ለብሳው ሄደች።

አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟን፣ «ይነሳ» ያለኝን ሰውዬ፣ ትርንጎን አመሰግናለሁ። ሰዓዳን ማመስገን አልችልበትም፤ ይህን ስታነብ ትረዳዋለች።

አንተ እጅህ ተጨብጦ ይህን የምታነብ፣ የግፊት መድኃኒትህን ተሻለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ። ክራር ባይሆን ሌላ ነገር ያዝ፣ ግን ሐኪምህን ጠይቀህ። የምታወጣው ድምፅ ያስጠላሃል። ያስጠላ። አንተ የምትቆጥረው ጣትህን ነው። ሰው ከሳቀም ይሳቅ፤ የሚስቀው ሰው ቤቱ ይገባል፣ እጅህ የሚቀረው አንተ ጋ ነው።